ሄግ ውስጥ ያለች አንዲት ጋራዥ፦ የጃቫ ጦሬን ያነበቡልኝ ሰው

ጎረቤቴ ኦማ ባለፈው ዓመት ወደ አረጋውያን መኖሪያ ሊገቡ ሲሉ ቤታቸውን ባዶ ማድረግ ነበረባቸው። ኦማ በደች አያት ማለት ነው። ፎቃችን ላይ ያለን ሁላችንም እንዲያ ነው የምንጠራቸው። ሳሎናቸው ውስጥ፣ ከማሞቂያው በላይ፣ አንድ ጦር ተሰቅሎ ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ ከሥሩ ተቀምጬ ቡናቸውን ጠጥቻለሁ። አንድ ቀን አወረዱትና ሰጡኝ። «የአባቴ ነው። ከጃቫ ነው የመጣው። ልጆቼ አይፈልጉትም» አሉኝ። ሌላ ነገር አልጨመሩም።

ይህን የምጽፈው ያ ጦር ምን እንደሆነ ስለነገሩኝ፣ ከዝገትም ስላዳኑልኝ ባለሙያ ነው። ስማቸውን አልጠቅስም። ያለው ሥራ ራሱ በዝቶብኛል ብለው ለምነውኛል። ግን ኔዘርላንድስ የምንኖር ሐበሾች በየአሮጌ ዕቃ መሸጫው እንዲህ ያለ ነገር ያጋጥመናል። የጃቫ ደሴት ያለችባት ኢንዶኔዥያ ለረጅም ዘመን የዚህ አገር ቅኝ ግዛት ነበረች። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባሉት ሃያ ምናምን ዓመታት 300,000 ገደማ ሰው ከዚያ ወደዚህ መጥቷል። አያቶቹ ይዘውት የመጡትን የልጅ ልጆቹ በካርቶን እያደረጉ ይጥሉታል። ስለዚህ ነገሩ ለአንድ ሰው እንኳ ከጠቀመ ብዬ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

መጀመሪያ ያጠፋሁትን ልናገር። የጦሩ ብረት ጥቁር ነበር። ቆሻሻ መሰለኝ። የድስት መፈተጊያ ሽቦ አነሳሁና ከታች በኩል ፈተግሁት። የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ቦታ እንደ ብር ቦግ አለ። ደስ አለኝ። ልቀጥል ስል ልጄ ጠራችኝና ተውኩት። ዛሬ ያንን ጥሪ ሳስበው እግዜር ነው ያስጠራት እላለሁ።

በሳምንቱ ወደ አንድ የጥንታዊ ዕቃ መሸጫ ይዤው ሄድኩ። ሰውዬው ጦሩን ለአምስት ሰከንድ አየው። ከዚያ ፊቴን አየ። «አፍሪካዊ ነው። ከናንተ አገር ሳይሆን አይቀርም» አለኝ። 40 ዩሮ ልስጥሽ አለ። ካልሸጥሽውም በማሽን ሞርጄ አብለጨልጭልሻለሁ አለ። ዕቃዬን ጠቅልዬ ወጣሁ። ቤቴ እስክደርስ ውስጤ ሲበግን ነበር። ጦሩን መጠየቅ ሲገባው የእኔን ፊት ነው የጠየቀው።

ባለሙያውን ያገኘኋቸው በቶኮ በኩል ነው። ቶኮ እዚህ የኢንዶኔዥያ ምግብና ቅመም የሚሸጥበት ሱቅ ነው፤ በርበሬ ሲያልቅብኝ እዚያ ነው የምሮጠው። ባለቤቷን ጠየቅኋት። ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፋ ሰጠችኝና «ፓክ በያቸው» አለችኝ። ፓክ በእነሱ ቋንቋ አባት ማለት ነው። እኛ ለትልቅ ሰው ጋሼ እንደምንለው ነው የሚሉት።

ፓክ የተወለዱት ሶሎ ነው። ሱራካርታም ትባላለች፤ የማዕከላዊ ጃቫ የነገሥታት ከተማ ናት። ዓይናቸው የሠለጠነው ትሪዊንዱ በሚባለው የአሮጌ ዕቃ ገበያ፣ አጎታቸው መደብ ላይ ነው። ስሙን ሲተነትኑልኝ በጣም ወደድኩት። ዊንዱ ስምንት ዓመት ነው። ትሪዊንዱ ሦስት ስምንት፣ 24 ማለት ነው። ገበያው በ1939 የተሠራው የሶሎው ልዑል ማንኩኔጋራ 7ኛ የነገሡበትን 24ኛ ዓመት ለማሰብ ነበር።

የሚሠሩት ከቤታቸው ጀርባ ባለች ጋራዥ ውስጥ ነው። ስትገቡ የሰንደልና የስፌት መኪና ዘይት ሽታ ይቀበላችኋል። ማስታወቂያ የለ፣ መስኮት የለ። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ፎጣ አንጥፈው ጠበቁኝ። እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ። ጦሩን በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝና ወደ ግንባራቸው ከፍ አደረጉት። ከዚያ ነው ያስቀመጡት። ያቺን ምልክት ሳይ ልቤ አረፈ።

መጀመሪያ ያዩት ብረቱና ዘንጉ የሚገናኙበትን ቦታ ነው። መጋጠሚያውን የያዘው የዛፍ ሙጫ ነበር። በፀጉር ማድረቂያ ቀስ እያሉ አሞቁት። ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀ። ሳይታገሉት፣ እንደ ጥርስ ሳይነቅሉት፣ ብረቱ በራሱ ጊዜ ለቀቀ። ከሥሩ እርሳስ የሚያህል ቀጭን ረጅም ጅራት ወጣ። ፔሲ ይሉታል። ያ ሁሉ ጅራት ዘንጉ ውስጥ ተቀብሮ ነው የኖረው።

እኔ መንዝ አያቴ ቤት ጦር እያየሁ ነው ያደግሁት። ከምሰሶው ጎን ነበር የሚቆመው። የእኛ ጦር ብረቱ ከታች ክፍት ነው፤ ዘንጉ ነው ብረቱ ውስጥ የሚገባው። የዚህ ግልባጭ ነው። ስልኬ ላይ የአያቴ ጦር ፎቶ ነበረኝና አሳየኋቸው። አጉልተው አዩት። «አየሽ፣ ያ ነጋዴ ላልመለሰልሽ ጥያቄ መልሱ ስልክሽ ውስጥ ነበር» አሉኝ። ቀጥለው ግን አስጠነቀቁኝ። ኢንዶኔዥያ በሺዎች የሚቆጠሩ ደሴቶች ያሏት አገር ናት። በሌሎች ደሴቶች እንደ እኛው ክፍት ሥር ያላቸው ጦሮች አሉ። ስለዚህ በጅራቱ ብቻ አይፈረድም።

ሁለተኛው ምልክት ቀለበቱ ነው። የብረቱ ሥር ላይ፣ ጅራቱ ከመጀመሩ በፊት፣ ወፍራም ቀለበት አለ። ሜቱክ ይባላል። በጃቫ ጦር ላይ መጀመሪያ የሚፈለገው እሱ ነው አሉኝ። አንዳንዱ ሜቱክ ለብቻው ተሠርቶ የተጠለቀ ነው። አንዳንዱ ከብረቱ ጋር አብሮ የተቀጠቀጠ ነው። የእኔ አብሮ የተቀጠቀጠው ነው። አጉሊ መነጽሩን ሰጡኝና መጋጠሚያ ስንጥቅ ፈልጊ አሉኝ። ዞሬ ዞሬ ፈለግሁ፤ የለም።

ሦስተኛው ፓሞር ነው። ይህን ቀስ ብዬ ልንገራችሁ፤ ጦሩን የወደድኩት እዚህ ላይ ነው። ኤምፑ የሚባለው የጃቫ አንጥረኛ አንድ ብረት ብቻ አይቀጠቅጥም። ተራ ብረትና ኒኬል ያለበት ብረት ደራርቦ፣ አግሎ፣ ቀጥቅጦ፣ አጥፎ፣ እንደገና ይቀጠቅጣል። መሐሉ ላይ አረብ ብረት ይከትበታል፤ ስለቱ እሱ ነው። ሲጨርስ በሎሚና በአርሴኒክ ያሸዋል። ተራው ብረት ይጠቁራል። ኒኬል ያለበት ነጭ ሆኖ ይቀራል። ያን ጊዜ ንድፉ ብቅ ይላል። ያ ንድፍ ነው ፓሞር።

ፓክ መብራቱን ከጎን አዙረው ብረቱን አጋደሉት። እኔ ቆሻሻ ያልኩት ጥቁር ላይ ትንንሽ ነጫጭ ነጠብጣቦች ተነሱ። ዎስ ውታህ ይባላል አሉኝ። የተደፋ ሩዝ ማለት ነው። እውነትም ሰፌድ ላይ እህል የተበተነ ይመስላል። ከዚያ ሽቦ ወደ ፈተግሁበት ቦታ ደረሱ። እዚያ ጋ ጥቁሩም ነጩም የለም። ሁሉም አንድ ዓይነት ብልጭልጭ ሆኗል። ጣታቸውን ሳያስነኩ ዙሪያውን አሳዩኝ። አልተቆጡም። «እዚህ ጋ ጽሑፉ ተፍቋል» አሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ብረቱ ከሰማይ የወደቀ ነው ይባላል፣ እውነት ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። በኢንተርኔት አንብቤ ነበር። ታሪኩ ራሱ እውነት ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፕራምባናን አካባቢ የወደቀ የሰማይ ብረት ወደ ሶሎ ቤተ መንግሥት ተወስዶ ነበር፤ የቤተ መንግሥቱ ኤምፑዎችም ተጠቅመውበታል። ግን ጦር ይዞ የሚመጣ ሰው ሁሉ የእኔ ከሰማይ ነው ይላቸዋል። ኒኬል ያለበት ብረት ከሱላዌሲ ደሴት፣ ሉዉ ከሚባለው አገር በንግድ ይመጣ ነበር። «ጥሩ አንጥረኛ የምድሩም ብረት ይበቃዋል» አሉኝ።

አስመስሎ ስለ መሥራትም ጠየቅኋቸው። ዛሬም ቢሆን ክሪስ የሚባለው የጃቫ ጩቤም ጦሩም በእጅ ይሠራል። ማዱራ ደሴት ላይ ሱመነፕ ውስጥ የሚሠሩ ብዙ ኤምፑዎች አሉ፤ ጥበባቸው የተከበረ ነው። ክፋቱ አዲሱን በአሲድ አስበልቶ አሮጌ ነው ብሎ መሸጡ ነው። አሲድ የበላው ብረት ጉድጓዱ በየቦታው አንድ ዓይነት ይሆናል። የዘመን ዝገት ግን አንዱን ቦታ በልቶ ሌላውን ይተዋል። ንድፉን በአሲድ ላዩ ላይ ብቻ የሚጽፉም አሉ። ስለዚህ ፓክ የብረቱን ጠርዝና የጅራቱን መነሻ አገላብጠው አዩ። የእውነት ፓሞር በውፍረቱ ውስጥም ይታያል። የእኔ ይታያል።

ቅርጹ ኩዱፕ ሜላቲ ይባላል፤ የጃስሚን እምቡጥ ማለት ነው። አጭር፣ ሆዱ ሞላ ያለ፣ ጫፉ ድንገት የሚሾል። ዕድሜውን ሲነግሩኝ በጣም ተጠነቀቁ። ጃቫዎች የአንድን ብረት ዘመንና አገር መገመትን ታንጉህ ይሉታል። ቃሉ ራሱ ግምት ማለት ነው። ካርዱ ላይ በእርሳስ «ማዕከላዊ ጃቫ፣ 19ኛው ክፍለ ዘመን፣ ግምት» ብለው ጻፉ። በእስክሪብቶ ይጻፉልኝ ስላቸው እምቢ አሉ። «እስክሪብቶ የሚሆነው የታሪኩ ነው። እሱን ደግሞ እኔ አላውቀውም፣ ኦማ ናቸው የሚያውቁት። ሳይረሱ ጠይቂያቸው» አሉኝ።

ዘንጉም የራሱ ታሪክ አለው። የታችኛውን ጫፍ ወደ መብራቱ አዞሩት። የመጋዝ ጥርስ መስመር አለ። አንድ ሰው ቆርጦታል። የጃቫ ጦር ዘንግ ብዙውን ጊዜ ከሰው ቁመት ይበልጣል። ይኼኛው አሁን 1 ሜትር ከ10 ነው። ለሻንጣ ወይ ለግድግዳ እንዲመች ያሳጠሩት በጣም ብዙ ናቸው አሉ። ጎኑ ላይ ያለው ረጅም ስንጥቅ ደግሞ የማሞቂያው ሥራ ነው። በየክረምቱ ከሥሩ ሲሞቅ እንጨቱ ደርቆ ተሰነጠቀ።

ግድግዳቸው ላይ የሌሎች ደንበኞች ዕቃ ተደርድሮ ነበር። አንዱ የዳያኮች ነው፤ በቦርኒዮ ደሴት ካሊማንታን የሚኖሩ ሕዝቦች ናቸው። ጦር ይመስላል፤ ዘንጉ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ የተበሳ ነው። መርዝ ያለው ትንሽ ቀስት በትንፋሽ የሚተፋ ቱቦ ነው፤ የጦሩ ብረት ከጎኑ በራታን ታስሯል። ሌላው ቡጊስ የሚባሉት የሱላዌሲ ሕዝብ ነው፤ አንገቱ ላይ የፀጉር ጉንጉን አለው። እነዚህን ሁለቱን ካየሁ በኋላ «የኢንዶኔዥያ ጦር» የሚለው አባባል ራሱ ሰፊ መሆኑ ገባኝ።

አሁን ወደ ሥራቸው። ለማየትና ካርድ ለመጻፍ 30 ዩሮ ተቀበሉኝ። ለጽዳቱ 145 ዩሮ። እኔ የፈተግሁትን ቦታ አጥቁረው ከሌላው ጋር አንድ ዓይነት ያደርጉልኛል ብዬ ነበር። አላደረጉትም። በጃቫ ደንቡ ብረቱን በሎሚ አጥቦ ማንጣትና በአርሴኒክ እንደገና ማጥቆር ነው፤ ዋራንጋን ይባላል። አርሴኒክ መርዝ ነው። «እዚህ ጋራዥ ውስጥ አላደርገውም፤ አንቺም ቤትሽ እንዳትሞክሪው» አሉኝ። ደግሞም አሮጌው ጥቁር በአብዛኛው ብረት ላይ ደህና ነው፤ ለአንድ ጥፍር ቦታ ብሎ ሁሉንም ማንጣት ልክ አይደለም። የሠሩት የሚበላውን ቀይ ዝገት ማስቆም ብቻ ነው። ዘይት አጠጥተው ለቀናት አቆዩት። ከዚያ በሾለ ቀርከሃ እየነቀሱ ቅርፊቱን አነሱ። ብረት በብረት አልነኩም። የዘንጉን ስንጥቅ አልሞሉትም፤ አጽድተው ተዉት።

ያልወደድኩትም አለ። ሦስት ሳምንት ብለውኝ ሰባት ሳምንት ቆየ። ሁለቴ ደውዬ አላነሱም። የሚቀበሉት ጥሬ ገንዘብ ብቻ ነው፤ ይህን ቀድመው ስላልነገሩኝ በዝናብ ኤቲኤም ፍለጋ ሄጃለሁ። ጋራዧም በክረምት በጣም ትበርዳለች፤ ካፖርታችሁን አታውልቁ። እንደዚያም ሆኖ ጦር ያለው ሰው ቢጠይቀኝ ወደ ሌላ ቦታ አልልከውም።

ስወጣ የሰጡኝ ምክር ይኸው፤ ለክሪስም ለጦርም ይሠራል። ብረቱን በባዶ እጅ አትንኩ፤ ላብ ጨው አለው፣ የጣት አሻራ ዝገት ሆኖ ይወጣል። በወር አንዴ በደረቅ የጥጥ ጨርቅ ጠርጉት። ከዚያ የስፌት መኪና ዘይት ሁለት ጠብታ፤ በጣም ስስ አድርጋችሁ ቀቡት። ጃቫዎች «የሲንጀር ዘይት» ነው የሚሉት። ይህን ስሰማ እናቴ ትዝ አለችኝ፤ ሲንጀሯን በዚያው ዘይት ነበር የምትቀባው። የሰንደል ዘይት ለመዓዛው ጠብ ማድረግ ይቻላል። የምግብ ዘይት ግን ሲቆይ ይበላሻል፣ ይጣበቃል፣ አቧራ ይሰበስባል። ቫርኒሽ በጭራሽ። ምድር ቤት ውስጥ አታስቀምጡት፣ ከማሞቂያም በላይ አትስቀሉት። በቆዳ ወይም በኦክ ሳጥን ውስጥ አትክተቱት፤ ሁለቱም ብረት የሚበላ አሲድ አላቸው። አፎት ካለው እንጨቱ ደረቅ መሆኑን አረጋግጡ።

ገንዘቡን እየቆጠርኩ አንድ ሲከነክነኝ የቆየ ነገር ጠየቅኋቸው። ይህ ነገር እኔ ጋ መሆን አለበት ወይ? ፓክ የዲፖኔጎሮን ጦር አነሱልኝ። ልዑል ዲፖኔጎሮ ከ1825 እስከ 1830 ከደቾች ጋር የተዋጉ የጃቫ ጀግና ናቸው። ኪያይ ሮንዳን የሚባለው ጦራቸው በ1829 ተማረከ፤ ለደቹ ንጉሥ ለቪለም 1ኛ ተሰጠ። የተመለሰው በ1970ዎቹ ነው፤ ዛሬ ጃካርታ በብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል። በ2023ም ይህ አገር 478 ቅርሶች ለኢንዶኔዥያ መልሷል። «የተማረከና የተገዛ አንድ አይደለም። የአንቺ የቱ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው በሕይወት አለ። ሂጂ» አሉኝ።

ሄድኩ። ካርዱንና ጦሩን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ኦማ ጋ ደረስኩ። «ማዕከላዊ ጃቫ» የሚለውን ሳነብላቸው ዓይናቸው ተከፈተ። አባታቸው ክላተን አጠገብ ስኳር ፋብሪካ ይሠሩ ነበር። ክላተን በሶሎና በዮግያካርታ መካከል ናት፤ የፓክ ግምት ልክ እዚያው ነው የወደቀው። ጦሩን የሰጣቸው አብሯቸው የሚሠራ ጃቫዊ ነው፤ ልጁ በታመመ ጊዜ አባታቸው ሐኪም ቤት አድርሰውለት ነበር። ዘንጉን የቆረጡት እናታቸው ናቸው፤ መርከቡ ላይ ሊወጡ ሲሉ፣ በወጥ ቤት መጋዝ። ኦማ ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበሩ፤ መጋዙን ሲገዘግዙ ዘንጉን የያዙት እሳቸው ናቸው። ይህን ሁሉ ካርዱ ላይ ጻፍኩት። በእስክሪብቶ።

አሁን ጦሩ መኝታ ቤቴ ውስጥ፣ ማሞቂያ በሌለው ግድግዳ ላይ ነው። ወር በገባ በመጀመሪያው እሁድ ዘይት እቀባዋለሁ። ልጄ መብራቱን ከጎን ትይዝልኛለች፤ ሩዙ ሲነሳ ማየት ትወዳለች። የተፋቀው ቦታ እንዳለ አለ። ፓክ በሚቀጥለው ሱሮ ወደ ሶሎ ይሄዳሉ። ሱሮ የጃቫ ዘመን መቁጠሪያ የመጀመሪያው ወር ነው፤ ቤተ መንግሥቱም ሕዝቡም የጦር ዕቃውን የሚያጥብበት። ብረቱን ይዤልሽ ልሂድ፣ እዚያ በደንቡ ዋራንጋን ይደረግለት ብለውኛል። ይሂድ ወይስ ይቅር የሚለውን ኦማን ጠይቄ ነው የምወስነው።